አራተኛ ፎቅ ላይ የቀላ እንጆሪ

ሚስባህ በረንዳው ላይ ውዱእ አድርጎ ቀና ሲል ዓይኑ ተክል የበቀለባቸው የተቆረጡ ጄሪካኖች ላይ አረፈ። ከቅጠሉ ሥር ከቀሉት ፍሬዎች አንዷን ቀጠፈና አፉ ውስጥ ጣላት።

«ወላሂ ትጣፍጣለች! እንጆሪ ነው አይደል? ማን ተከለው?»

አብዱልገኒ ሳሎን ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሆኖ አየው። ሳያስበው እጁን ወደ በረንዳው ዘርግቶ ነበር፤ መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሌላ ምን ይበል? ሚስባህ ሃያ ዓመት አብሮት ሚኒባስ የነዳ ወዳጁ ነው፤ ሊያጽናናው ነው የመጣው። ልጁ ሸይማ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

«ሃያ አራት ዓመት ምን ዕድሜ ነው! አላህ ይዘንላት» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ።

«አሚን።»

ሸይማ እናቷ የሞተችባት በሕፃንነቷ ነው፤ ያሳደጋት አብዱልገኒ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለቱም ኩላሊቶቿ መሥራት አቆሙ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለቴ፣ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በሌሊት እየተነሡ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ወዳለ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ይሄዱ ነበር። የራሱን ኩላሊት ሊሰጣት ተመርምሮ ሐኪሙ «አባቴ፣ ስኳር አለብዎት፤ አይሆንም» ሲለው፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያጽናናችው እሷ ነበረች።

«ለካ ስኳሩን ሁሉ አንተ ይዘኸው ነው ሻዬ የሚመረኝ!» ብላ አሳቀችው።

ሙዝ ተከለከለች። ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም ተከለከለች። ውሃ እንኳ በልክ ሆነባት። አንድ ቀን ነርሷ «እንጆሪ ግን ጥቂት ጥቂት ትችያለሽ» አለቻት።

«እኔ እኮ ቀምሼውም አላውቅ!» አለች ሸይማ።

አብዱልገኒ በማግሥቱ ሲኤምሲ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄደ። ምድር ቤት የምትኖረው ጎረቤቱ የሺአረግ ባዶ የዘይት ጄሪካኖች ሰጠችው። ጎናቸውን በቢላ ቀደደ፣ ሥራቸውን በጋለ ሚስማር በሳ፣ አፈርና ፍግ ሞላ። የመጀመሪያዎቹን ችግኞች እስከ አንገታቸው ስለቀበራቸው በሰበሱ፤ ሁለተኛዎቹ ያዙለት። ነጭ አበባ ሲያወጡ ለሻጩ ደወለ።

«የመጀመሪያውን አበባ ቀንጥሰው፤ ሥሩ ይጠንክር» አለው ሰውየው።

ሸይማ በረንዳው ደፍ ላይ ተቀምጣ ታየው ነበር።

«አባ፣ አንዷን እንኳ ተዋት።»

«ታገሺ ልጄ። ሥሩ ሲጸና ብዙ ይሰጠናል።»

አምስት ነበሩ። አምስቱንም ቀነጠሳቸው።

ቀጥሎ የመጣው አበባ ፍሬ ይዞ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ሸይማ ትንፋሽ አጠራትና ሆስፒታል ገባች። በስድስተኛው ቀን አረፈች። ከቀብር ሲመለስ ፍሬዎቹ መቅላት ጀምረው አገኛቸው።

የሺአረግ የሻይ ብርጭቆዎች ልትሰበስብ ስትገባ ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ተክሎቹ ጠውልገዋል። ውሃ ላጠጣቸው?»

«እኔ እንጃ።»

«ወይስ እኔ ጋ ላውርዳቸው? እያዩዋቸው ከሚጨነቁ።»

«እኔ እንጃ፣ የሺ።»

በእርግጥም አያውቅም ነበር። ቢነቀሉም ቢያፈሩም እኩል ያመዋል። ያቺን አንዷን አበባ ትቷት ቢሆን ቀምሳ ነበር፤ በሦስቱ ቀን ከዚህ ሌላ ሐሳብ ወደ ልቡ አልገባም። እህቱን ሐሚዳን ሊነግራት ፈልጎ፣ ጓዳ በሴቶች ተከባ ሲያያት ተወው።

ከሰዓት በኋላ ከወሎ የመጡት ዘመዶች ደረጃውን እየወጡ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ከእጥበት ማዕከሉ ነው። የሸይማ የነገ ተራ ወደ ስምንት ሰዓት ተዛውሯል። ትደርሳላችሁ?»

አብዱልገኒ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ።

«ሃሎ? አባቴ፣ ይሰማዎታል?»

ዘመዶቹ በሩ ላይ ደረሱ። ሐሚዳ ከጓዳ ወጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ቤቱ እንደ አዲስ በልቅሶ ተናወጠ። አብዱልገኒ ደዋይዋ ልቅሶውን እንዳትሰማ ስልኩን በመዳፉ ከልሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«እሺ ልጄ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንደርሳለን።»