የእሑዱ መዘግየት

ጂንካ ያለው ዋናው ሰርቨር የሚቀበለውን የጤና መረጃ ሁሉ፣ ገዘር ያለው ተጠባባቂ ሰርቨር እየተከተለ ይገለብጣል። ተከታዩ ምን ያህል ወደኋላ እንደ ቀረ መከታተል የሩሐማ ሥራ ነው። በአዘቦት ቀን ስክሪኗ ላይ የሚታየው መዘግየት ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም፤ እሑድ ግን በሰዓት ይቆጠራል። የገዘሩን ሰርቨር የሚጠብቁት አቶ ኤርጎ፣ በሰንበት የሚጻፍ ስለሌለ የመጨረሻው ጽሑፍ ባረጀ ቁጥር መዘግየት መስሎ ይታያል ብለው አስረድተዋት ነበር። እርሷም አመነች።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ የዋናው ሰርቨር ዲስክ ይንቋቋ ጀመር። ሩሐማ ሥራውን ወደ ገዘር ልታዞር ስትል ቆም አለች። መዘግየቱ እንደ ወትሮው እሑድ ነው። ዛሬ ግን ካኮ ከተማ ላይ የክትባት ዘመቻ ስላለ የሕፃናት ስም ከጠዋት ጀምሮ ሲገባ አርፍዷል። ስሞቹ ገዘር ካልደረሱ ከዲስኩ ጋር ይጠፋሉ፤ ማን ምን እንደ ተከተበ የሚያውቅ አይኖርም።

ለአቶ ኤርጎ ደወለች። በስልኩ ውስጥ መዝሙር ይሰማል።

«ሰርቨሩም ጸሎት ላይ ነው፤ ተይው ልጄ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ እየተጻፈ ነው። እልፍነሽ ማቲ የምትባል ሕፃን እዚያ ደርሳ እንደሆነ ይዩልኝ።»

አቶ ኤርጎ ከጸሎት ቤቱ ወጥተው ሰርቨሩ ወዳለበት አጠገቡ ያለ ቢሮ ገቡ። እልፍነሽ አልደረሰችም። ከዚያም ነገሩን አስረዷት፦ ጸሎት ቤቱ መብራት ስለሌለው፣ እሑድ እሑድ ከቢሮው ገመድ ስበው፣ የኔትወርኩን መሣሪያ ነቅለው በእርሱ ቦታ የመዘምራኑን ኪቦርድ ይሰካሉ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ይመልሱታል። የቀድሞ ማብራሪያቸው ሐሰት አልነበረም፤ ሙሉ ግን አልነበረም።

«በሰንበት ማን ይጽፋል ብዬ ነው» አሉ።

«አሁን ይሰኩት ጋሼ። ዲስኩ እስካለ እጠብቃለሁ።»

ኪቦርዱ በመዝሙሩ መካከል ጸጥ አለ። መዘምራኑ ጥቂት ተደናግረው በጭብጨባ ቀጠሉ። ሩሐማ ካኮ ያሉት ነርሶች መመዝገቡን ለጊዜው እንዲያቆሙ አደረገች። የመዘግየቱ ቁጥር ወረደ፤ መሃል ላይ ቆመ። ዲስኩ እንደገና ተንቋቋ፤ እርሷ ምንም ሳትነካ ጠበቀች። ቁጥሩ መውረዱን ቀጠለ።

«እልፍነሽ መጣች» አሉ አቶ ኤርጎ።

«መጨረሻ የተመዘገበው ጸጋአብ ሉቃስስ?»

«እርሱም አለ።»

የጂንካውን ሰርቨር ዘጋች፤ ገዘርን ዋና አደረገች፤ ነርሶቹም እንዲቀጥሉ ነገረቻቸው። ከዚያ ቀጥሎ ካኮ ላይ የተከተበችው ሕፃን ስም መጀመሪያ የተጻፈው ገዘር ነበር።