ሾፌሩን ማናገር ክልክል ነው

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነዳ። ሰፈሩ «ፍሬኖ» ይለዋል፤ ቢጫ መብራት ከሩቅ ሲያይ ገና ፍሬን መያዝ ስለሚጀምር ነው። ስሙን ያወጡለት ሊቀልዱበት ነበር፣ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። ጡረታ በወጣ ሰሞን መሪ የለመደ እጁ ሥራ ፈትቶ ቤቱን ሲያተራምስ፣ ባለቤቴ አንድ ኮምፒውተር ገጣጥሞ፣ መሪና ፔዳል ጨምሮ፣ የአውቶቡስ ጌም ጫነለት። ባለቤቴ ሥራው ኮምፒውተር ጥገና ነው። አባዬን አንቱ ይለዋል፣ ዕቃ ሲገጥምለት ግን እንደ እኩያው ይነዘንዘዋል።

ጌሙ የምር ከተማ ነው ማለት ይቻላል። ፌርማታ አለው፣ መብራት አለው፣ ስትዘገይ የሚያጉረመርም ተሳፋሪ አለው። አባዬ ጠዋት ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ «መስመር ልግባ» ይልና ከአልጋ፣ ከቁምሳጥንና ከጠረጴዛ ሌላ ምንም የማትይዝ ክፍሉ ውስጥ ይከተታል። ያስቃል፣ እኛም ስቀናል። ግን ሰውዬው ደስ ብሎት ይውላል፣ ከዚያ በላይ ምን እንፈልጋለን።

ከዚያ በድንገት መንዳት ቀነሰ። ክፍሉ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል፣ ፊቱ ጥቁር ብሎ ይቀመጣል። ወንድሜ ምን ሆንክ እያለ ሲወተውተው አንድ ቀን ምሳ ላይ አፍ አውጥቶ ተናገረ። ስታጠፍ መንገዱ መሃሉ ላይ ይቀደዳል አለ። ምሰሶው፣ ቤቱ፣ የሚሻገረው ሰው ሳይቀር ወገቡ ላይ ይቆረጥና ላዩ ወደ አንድ በኩል፣ ታቹ ወደ ሌላ በኩል ይሄዳል። ወዲያው ደግሞ ይገጥማል።

ማንም አልሳቀም። የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ ሟቹ አጎታችን፣ ሕመሙ የጀመረው እንዲሁ ነበር። ምንም ያልሆነውን ግድግዳ «ተሰነጠቀ» ይል ነበር። እያደር ቤቱ ጠፋው፣ በመጨረሻ የገዛ ልጆቹን ሳይለይ ሞተ። ያጎረሰውም፣ ያጠበውም፣ ስሙን እየነገረ ያስተኛውም አባዬ ነው። ስለዚህ አባዬ የፈራውን ነገር በስሙ መጥራት አላስፈለገውም።

ወንድሜ ነገር ማሳደር አይወድም፣ በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደው። ዓይኑ ከልጆቹ ይሻላል ተባለ። ለሌላ ሰው የምሥራች ነው፣ ለአባዬ ግን መርዶ ሆነበት፤ ዓይን ካልሆነ ጭንቅላት ነዋ። ባለቤቴ በበኩሉ ማሽኑን ፈትቶ መረመረ። በቅርቡ አሮጌውን ግራፊክስ ካርድ አንስቶ ጉልበተኛ ካርድ ስለገጠመለት ጥፋቱ የራሱ እንዳይሆን ሰግቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ራሱ ጌሙን እንዲቀርጽ አደረገና አባዬን ብቻውን ትቶት ወጣ። ቪዲዮውን ሳሎን አምጥቶ ሲያሳየን ምሰሶው ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ መንገዱም ሰላም ነው። ደጋግመን አየነው። አባዬም አብሮን አየ።

«ታዲያ እኔ የማየው ምንድን ነው?» አለና ተነስቶ ክፍሉ ገባ።

ወንድሜ የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ አስያዘ። እኔን ያንጨረጨረኝ ቀጠሮው አይደለም፤ ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬን ጮክ እያለ፣ ቃል በቃል እየለየ ማናገሩ ነው። ሐኪም ገና ሳያየው ሰውዬውን ሕፃን አደረገው። የባሰው ደግሞ አባዬ ይህን ዝም ብሎ መቀበሉ ነው። አንድ ከሰዓት ክፍሉ ስገባ የቁምሳጥኑ በር ላይ ፎቶ ሲለጥፍ አገኘሁት። የሁላችንም ፎቶ ነው፣ ከእያንዳንዱ ሥር ስማችንን በትልልቁ ጽፏል። የኔም አለ። ፎቶው ላይ ወፍሬያለሁ ብዬ አለፍኩት።

ቀጠሮው ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እስቲ እኔም ልየው ብዬ ክፍሉ ሄድኩ። በሩን ስከፍት እየነዳ ነበር። እንዳየኝ ዳር ያዘ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ ከዚያ ዞር ብሎ «አቤት» አለ። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ከራሱ በላይ «ሾፌሩን ማናገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ ጌምም ቢሆን እየነዳ አያወራም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ በር ላይ ቆመን ስናወራው የምናየው የቆመ አውቶቡስ፣ የቆመ ምሰሶ፣ የቆመ ቤት ነው። ከመካከላችን ያንን ስክሪን ሲንቀሳቀስ ያየው አንድም ሰው የለም።

ተሳፋሪ ነኝ፣ ትንፍሽ አልልም ብዬው ከኋላው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ አውቶቡሱን አስነሳ። ቀጥታው መንገድ ላይ ምንም የለም። አደባባዩ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ከሩቅ ፍሬን ያዘና መሪውን ጠመዘዘ። የመብራቱ ምሰሶ ወገቡ ላይ ተቆረጠ። ላዩ ቀረ፣ ታቹ ቀድሞ ሄደ። ከኋላው ያለው ቤትም እንዲሁ ሆነ።

«አባዬ፣ አየሁት» አልኩ።

ዳር ያዘ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከዚያ ነው የዞረው። «ምኑን?»

«ምሰሶው ለሁለት ሲቆረጥ። እዚህ ጋ።» ወገቤን በእጄ አሳየሁት።

«እኔን ለማስደሰት ብለሽ እንዳይሆን።»

«ሰው ለማስደሰት ስዋሽ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ይህ ክፉ ጠባዬ ለሰው የጠቀመው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ባለቤቴን ከሱቁ ጠራሁት። አሁን እሱም አልጋው ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ አየ፣ ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ሞኒተሩ አሮጌ ነው፣ ሥዕሉን የሚያድሰው በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ ብቻ ነው። አዲሱ ካርድ ግን በሴኮንድ ወደ መቶ ሥዕል ያመርታል። ካርዱን የገጠመ ቀን፣ ጉልበቱ እንዳይታሰር ብሎ፣ ካርዱ ሞኒተሩን እንዲጠብቅ የምታደርገዋን ሴቲንግ አጥፍቷታል። ስለዚህ ሞኒተሩ አንዱን ሥዕል ከላይ ወደ ታች እየሳለ ግማሽ ላይ ሲደርስ ካርዱ ሌላ ሥዕል ያቀብለዋል፤ ላዩ የቀድሞው፣ ታቹ የአዲሱ ይሆናል። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ሁለቱ አይገጥሙም። ቪዲዮውስ ለምን ጸዳ? መቅረጫው ሙሉውን ሥዕል የሚወስደው ከካርዱ ነው፣ ሞኒተሩ ጋ ሳይደርስ። ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረበት ራሱ ባለቤቴ ነው፣ እኔም እስከ ዛሬ ሳላስታውሰው አላድርም።

አባዬ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «ተሳፋሪው ገብቶ ሳያልቅ በር የሚዘጋ አውቶቡስ ነው በለኛ» አለ። «ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ።»

«ልክ ነዎት» አለ ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ። ሴቲንጓን አበራ፣ ጌሙንም በሴኮንድ ከስልሳ ሥዕል እንዳያልፍ ገደበው። አባዬ አውቶቡሱን አስነሳ፣ አደባባዩን ዞረ። ምሰሶው ሙሉውን መጣ፣ ሙሉውን አለፈ። ለወንድሜ ደወልኩለት። ቀጠሮው ቢሆንም አይጎዳም አለ፣ አልተጣላሁትም፤ ግን አባታችንን ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው አናግረው አልኩት።

ስመለስ አባዬ አውቶቡሱን አቁሞ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«መልሰው» አለው ባለቤቴን።

«ምኑን?»

«እንደ ድሮው አድርገው። እንደሚቀደደው።»

ባለቤቴ እኔን አየ፣ እኔ እሱን። ከዚያ ሴቲንጓን አጠፋት፣ ገደቡንም አነሳው። አባዬ እኔን በግራው፣ ባለቤቴን በቀኙ አስቀመጠንና ወደ አደባባዩ ነዳ። መሪውን ጠመዘዘ፣ ምሰሶው ተቆረጠ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«አንተስ?»

«አየሁ፣ አባባ።»

አልበቃውም፣ ደግሞ ዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው ዓይኑ እንባ መሙላቱን ያስተዋልኩት። ያኔ እሱ ራሱ ምሰሶውን ማየት አቅቶት ነበር። «ተቆረጠ?» ይለናል። «ተቆረጠ» እንለዋለን።