የማይረገጥ ምንጣፍ

አንዳንድ ሰው ደግነትን የሚወደው እንደ ሳሎን ሶፋ ነው፤ ማንም እንዳይቀመጥበት። ዳይሬክተራችን ዶን ኤሊሴዮ ከእነዚያ አንዱ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በትራንሲቶ ነው። ትራንሲቶ አራተኛ ክፍል የማስተምራት፣ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ድምፅዋ እንኳ የማይሰማ ሚጢጢ ልጅ ናት። በገባች በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ሽንቷ አመለጣት። ማካሪያ የምትባለው፣ ምላሷ ከቁመቷ የሚረዝም ጉደኛ፣ ወዲያው «ቧንቧ» ብላ ስም አወጣችላት። በቃ! ግቢው ሁሉ «ቧንቧ መጣች፣ ቧንቧ ሄደች» ሆነ። እናቷ መጥታ (እኛ ዘንድ አስተማሪዋን ሁሉ «ሴኞ» ነው የሚሏት) «ሴኞ ዴልፊና፣ ሁለተኛ እንደዚህ ከሆንኩ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች፤ አደራሽን» ስትለኝ ሄጄ ለዳይሬክተሩ ነገርኩ።

ዶን ኤሊሴዮ ጉዳዩን እንደ ሰሙ መፍትሔው ከች አለላቸው። «ልጆቹ በኅብረት የደግነት ምንጣፍ ይሥሩ! የትምህርት ቢሮው ተቆጣጣሪም መጥቶ ያየዋል፤ የዘንድሮው ሽልማት የእኛ ነው። የመነኮሳቱ ትምህርት ቤት አይቶ ይቃጠል!»

ምንጣፉ ያው በሕማማት ሰሞን በየመንገዱ የምናነጥፈው፣ ቀለም የተነከረ የሰጋቱራ ምንጣፍ ነው። ሰው ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ጎንብሶ ይሠራዋል፣ የጌታን ምስል የተሸከመው ሰልፍ ረግጦት ያልፋል፣ አለቀ። ሊረገጥ ነው የሚሠራው። ይህን የማያውቅ ሕፃን በመላው ጓቲማላ የለም። ዶን ኤሊሴዮ ግን ተቆጣጣሪው ሳያየው ማንም እንዳይረግጠው አሉ። ትልቅ እንዲሆንላቸው ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ብቸኛ ሽንት ቤት በሚወስደው ኮሪደር ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አስነጠፉት።

«ዶን ኤሊሴዮ፣ ሽንት ቤቱስ?» ብላቸው፣

«ሴኞ፣ ደግነት ትዕግሥት ይጠይቃል» ብለውኝ እርፍ።

አሠራሩንማ ተዉት! ምንጣፉ ላይ በምትሣለው ርግብ ቀለም ተጣልተው ራሚሮ የጓደኛውን አናት ሰጋቱራ በሚነፋበት ወንፊት አጮለው። «ፍቅር» ብሎ የሚጽፈው ቡድን «ይቅርታ» ብሎ ከሚጽፈው ቡድን ሰማያዊ ሰጋቱራ ሰረቀ። ማካሪያ ደግሞ ጠባይዋ ይሻሻል ተብሎ የደግነት ካፒቴን ሆና ተሾመች፤ ዱላም ተሰጣት። ጅብን ሥጋ ጠብቅ እንደ ማለት ነው። የተጠጋውን ሁሉ ቁርጭምጭሚቱን በዱላ ትለው ነበር።

በቀጠሮው ቀን ተቆጣጣሪው ጠዋት ሊመጣ ነበር። አልመጣም። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ልጆቹ ለእንግዳው ክብር የተቀዳላቸውን ቀይ የአበባ ጭማቂ ጠጥተው፣ ግቢው ውስጥ እንደ ተሰለፉ ናቸው። ትራንሲቶን አየኋት፤ ጉልበቷን አጣብቃ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ሴኞ…» አለችኝ በቀጭኑ።

እጇን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ስሄድ ዶን ኤሊሴዮ መጥተው ፊቴ ተገተሩ።

«ወዴት ነው?»

«ልጅቷ ሽንት ይዟት ጨንቋታል።»

«ሰውዬው መንገድ ላይ ነው! ትንሽ ትያዘው!»

«ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው! ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ለእሷ ተብሎ አይደለም እንዴ?»

«ለእሷ ነዋ! ታዲያ ከማንም በፊት ልታከብረው የሚገባት እሷ ናት!»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ከኋላ አንዱ «ቧንቧ ልትፈነዳ ነው!» ብሎ ጮኸና ሰልፉ በሳቅ ታመሰ። የትራንሲቶ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ትንሽ ብትቆይ ያመልጣታል፤ ይህቺ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት አትመጣም።

ማካሪያ አልሳቀችም። ምንጣፉ አፍ ላይ ዱላዋን ይዛ ቆማለች፣ እሷም እግሯን አነባብራ። ከጠዋት ጀምሮ ጠባቂ ናት፤ የት ሄዳ ትሽና?

«ዝም በል አንተ!» አለችው የጮኸውን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሴኞ፣ ሰልፍ ሲያልፍ ይረገጥ የለ?»

«ይረገጣል እንጂ!»

«እንግዲያው ሰልፍ ነው!»

ዱላዋን እንደ መስቀል ወደ ላይ አነሣች፣ የትራንሲቶን እጅ ያዘች፣ «ፍቅር» ላይ ወጣች። ራሚሮ ባልዲ ገልብጦ የስቅለት ከበሮ ይደልቅ ጀመር። ክፍሉ በሙሉ ተከተለ፤ ለካ ያልጨነቀው አልነበረም! «ፍቅር» ላይ በዝግታ ሄዱ፤ «ይቅርታ» ላይ ሲደርሱ ሰልፉ ሩጫ ሆነ።

«ደግነቱን ረገጡት! ኧረ ደግነቱን ረገጡት!» ዶን ኤሊሴዮ ራሳቸውን ይዘው ጮኹ።

እኔ ስደርስ ማካሪያ ሽንት ቤቱ በር ላይ ተገትራለች፣ እግሯን እንዳነባበረች።

«ትራንሲቶ ናት ያለችው! ማንም እንዳይጠጋ!»

ልጅቷን በስሟ ስትጠራት ገና መስማቴ ነው።

ተቆጣጣሪው ይኼኔ ደረሰ፤ ወፍራም፣ ላብ ያጠመቀው ሰው። ዶን ኤሊሴዮ «ክቡር ሆይ፣ ምንጣፉ እኮ…» ሲሉ ማን ሰምቷቸው! የተረፈችውን ርግብ ደፍጥጦ በሩጫ ወደ እኛ መጣ። ማካሪያ ዱላዋን ጋረደችበት።

«ተራ አለ፣ ጌታዬ።»

«ልጄ፣ በእናትሽ! ከጠዋት ጀምሮ መኪና ውስጥ ነኝ!»

«ትንሽ ይያዙት።»

ሽልማቱን መነኮሳቱ እንደሚወስዱት ያኔ ገባኝ፤ ግድም አልሰጠኝ። በሩ ተከፈተ። ትራንሲቶ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ቀሚሷ ግን ደረቅ ነው። ሰውዬውን ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ማካሪያን።

«ይግቡ አባባ» አለችው። «ሲጨንቅ እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ማካሪያ፣ አንቺ ትንሽ ያዢው።»