የውሃ ሚስትና የቧንቧው ምርቃት

ይሄ ነገር ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ፤ ከጥግ እስከ ጥግ እውነት ነው።

በእኛ ቀዬ ወንድ ሁለተኛ ሚስት የሚያገባው ለመኝታ አይደለም፣ ለውሃ ነው። የመጀመሪያዋ ስትወልድ፣ ስትታመም፣ ከሸለቆው ጉድጓድ የሚያመላልስ አንገት ያስፈልጋላ! ሂራባይ እንዲህ ያለች የውሃ ሚስት ነበረች። ባሏ ሞቶ ወንድሞቿ ደጃቸውን ሲዘጉባት ዶንዲባ አገባት። አንድ ጠባብ ክፍልና ባል ያላት ሴት የምታስረውን ጥቁር ዶቃ ሰጣት፤ እንስራም ጫነባት። ከሸክሙ ብዛት አናቷ ተደልድሎ፣ ዶሮ እንቁላል ብትጥልበት አይንከባለልም ነበር።

"ሁለተኛዋ ምን ትሠራለች?" ሲሉት ዶንዲባ፣ "ምን ትሠራለች? ቁጭ ብላ ትበላለች" ይላል።

ኋላ መንደሩ ቧንቧ ተዘረጋለት።

"ውሃው የፈሰሰ ቀን ጨርቅሽን ሸክፊ፤ ያኔ ሁለት ሆድ አልቀልብም" አላት ዶንዲባ።

"ወዴት ልሂድ?"

"እኔ ምን አውቄ!"

በምርቃቱ ዋዜማ ማለዳ የመንደሩ ሹም ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ቧንቧው ጠብ አይልም፤ ከሙምባይ ደግሞ ትልቅ እንግዳ ይመጣል።

"ሂራ፣ እህት ዓለም፣ ጣሪያዬ ላይ ያለውን በርሜል ውሃ ሙይልኝ። ከቧንቧው ጋር በስውር አገናኝቼዋለሁ።"

"የሚያስባርረኝን ውሃ እኔው ልሸከም?"

"እንግዳው ሲሄድ እውነቱን ለዶንዲባ ራሴ እነግረዋለሁ። ልጆቼን ይንሳኝ!"

አመነችው። ቀኑን ሙሉ እንስራ ተሸክማ ስትወጣ ስትወርድ ዋለች።

በነጋታው ቧንቧው አንገት ላይ የአበባ ጉንጉን ተንጠለጠለ፣ ለበረከት ኮኮነት ተሰበረ፤ እንግዳው ሲከፍተው ውሃው ተንዠቀዠቀ። እልልታው ቀለጠ። "ከዛሬ ጀምሮ እናቶቻችን አረፉ!" አለ እንግዳው። ሹሙም እንግዳው መኪና ውስጥ ዘሎ ገብቶ ለግብዣ ወደ ከተማ ነጎደ።

ሂራባይ እቤት ስትደርስ ጨርቋ ደጅ ተጥሏል።

"ያ እኮ እኔ የተሸከምኩት ውሃ ነው! ሹሙን ጠይቀው!"

ዶንዲባ ወደ መጀመሪያ ሚስቱ ዞሮ ሳቀ። "ፓርቫታ፣ ስሚልኝማ፣ ይቺ በብረት ቧንቧ ቀናች!" ፓርቫታ አንገቷን ደፋች። "ዶቃውንም ፍቺ" አላት ሂራባይን።

ፈትታ ሰጠችው። አውራ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ፤ ወዴት ብላ ትሳፈር? እዚያው ነጋባት።

ጠዋት ዶንዲባ ባዶ እንስራ ታቅፎ እያለከለከ ደረሰ።

"ነይ ተመለሽ። ቧንቧው ደርቋል፤ ለሻይ የሚሆን እንኳ የለም።"

"ዶቃዬስ?"

"ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ውሃው ይምጣ!"

መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ጠቅልላ ለእንስራው ማረፊያ አናቷ ላይ አኖረች። ዶንዲባ "ይቅር በይኝ" ብሎ እንስራውን በገዛ እጁ አነሳላት።

እሺ፣ የመጨረሻዋን ነገር እኔ ነኝ የጨመርኳት፦ ይቅር በይኝ አላላትም። እንስራውንም አላነሳላትም፤ አስፋልቱ ላይ አስቀምጦላት ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው።