ክፍቱ ባልዲ

አንዲት ለቀስተኛ ሴትዮ በእፍኟ የቀረውን ንፍሮ አየት አደረገችና ዓሦቹ ያሉበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ዘረገፈችው።

«እነሱም ሐዘንተኞች ናቸው፤ ይብሉ እንጂ» አለች።

አስካለች ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ሴትዮዋን ገረመመቻት። ባሏ ሀብታሙ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በነዚህ ቀናት መስታወቱ ውስጥ ያልተጣለ የለም፦ ዳቦ፣ ባቄላ፣ አንዴም የሻይ አተላ። ውሃው የሳህን እጣቢ መስሏል፤ ይከረፋል። ሰው ከንፈሩን ይመጥና ወዲያው አፍንጫውን ይይዛል። ሲበላ፣ ሲያወራ፣ በጎን ስልኩን ሲነካካ የሚውለው ለቀስተኛ ሁሉ አስጠላት። ሦስቱ ዓሦች አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር ይለምናሉ። አስካለችና ሀብታሙ ልጅ አልወለዱም። ነፍስ ያለው ነገር ትቶላት የሄደው እነዚህን ብቻ ነው፤ እነሱም ዓይኗ እያየ ሊያልቁ ነው።

እውነቱን ለመናገር እሷም ወድዳቸው አታውቅም።

ሀብታሙ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሰባት ዓሦች ገዝቶ መጣ። በሳምንቱ ውሃቸውን በሙሉ ደፍቶ ከቧንቧ በቀጥታ ሞላላቸው። ሲነጋ ሰባቱም ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ፤ ቁርስም አልቀመሰ። «ለእኛ ብለው የሚጨምሩት መድኃኒት ለእነሱ መርዝ ነው።»

ሌሎች ሲገዛ ግን ከዚያ ወዲህ ባልዲ ሞልቶ፣ የበረኪናው ሽታ እስኪወጣ አንድ ቀን ሙሉ ክፍቱን ያቆየው ጀመር። አስካለች ደግሞ ቤቷ ውስጥ ክፍት ውሃ ማየት አትወድም። እሷ ባለፈች ቁጥር ትከድነዋለች፣ እሱ ባለፈ ቁጥር ይከፍተዋል።

«ይተንፍስ፣ አስካሉ።»

«አቧራውስ?»

ከሁሉ የባሰው ጎማው ነበር። ያደፈውን ውሃ ለማውጣት የቀጭን ጎማ አንዱን ጫፍ መስታወቱ ውስጥ ይነክርና ሌላውን በአፉ ይስባል። አንዳንዴ ውሃው ይቀድመውና አፉ ይሞላል። እሱ ይስቃል፤ እሷን ያጥወለውላታል። «በዚያ አፍህ እንዳትጠጋኝ!» ትለው ነበር። ባለፈው ቅዳሜም ውሃ ቀይሮ ሊስማት ጠጋ ሲል በመዳፏ ደረቱን ገፋችው። ማክሰኞ ጠዋት ለሚቀጥለው ጊዜ ባልዲውን ሞላ። እኩለ ቀን ላይ ልቡ ቆመ።

አሁን ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ፣ ለለቅሶ ከገሱባ የመጣው፣ አጠገቧ በርከክ አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ሰውን አስቸገረ። ሁሉንም ደፍቼ ንጹሕ ውሃ ከቧንቧ ልሙላው?»

ወዲያው የዕድሯ መቅዲ ከጓዳ ባልዲ ተሸክማ ብቅ አለች። «ታ ጦሳው! አምላኬ! ይሄ ክፍቱን ሰንብቷል። ዝንብ ገብቶበታል። ሰው ቢያየው ምን ይለናል? ልድፋው።»

«እንዳትደፊው!»

ከጠዋት ጀምሮ የአስካለች የመጀመሪያ ቃል ነበር። ደጅ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያሉት እንኳ መዝሙራቸውን ገታ አደረጉ። አስካለች ፍራሹን ተደግፋ ተነሣች።

«ሐዘንተኛ ሥራ አይሠራም፤ ነውር ነው» አለች ንፍሮ የጣለችው ሴትዮ።

«ንፍሮሽን ዓሣ ላይ መድፋትስ?»

አስካለች ዝንቧን በጣቷ ከባልዲው አወጣች። ከመስታወቱ ጀርባ ጎማውን አነሣች። ሀብታሙ መስታወቱ ላይ በእስክሪብቶ ያሰመረውን መስመር ለታሪኩ አሳየችው። «ውሃው ጎድሎ እዚህ ሲደርስ ጎማውን ታወጣለህ። ሁሉ አይደፋም። ከዚያ የባልዲውን ቀስ እያልክ ትጨምራለህ።» ታሪኩ ራሱን ነቀነቀ። መቅዲ ሳፋ አቀረበች።

አስካለች ጎማውን አፏ ውስጥ አስገብታ ሳበች። አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ የቆመጠጠ፣ የከረፋ፣ የባቄላ ልጣጭ ያለበት ውሃ አፏን ሞላው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጎማውን ሳፋው ውስጥ ለቀቀችው። ውሃው እየተንዶቆዶቀ መውረድ ጀመረ።

«ትፊው እንጂ፣ እትዬ! ትፊው!» አለ ታሪኩ፣ ሳፋውን እያስጠጋላት። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ።

አስካለች የሀብታሙን ደረት የገፋችበትን መዳፏን በከንፈሯ ላይ ጫነች፤ ዋጠችው። አፏን አልጠረገችም።