ባዶ ያደረው ሣጥን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከመሠዊያው በስተግራ ግድግዳው ውስጥ ባለው ትንሽ ሣጥን፣ ሦስት የተባረኩ ክብ ኅብስቶችና አንድ ጉንጭ የማይሞላ ወይን ነበሩ። ታመው ቤት ለዋሉ የሚቀመጥ ቁርባን ነው። ፊት ለፊቱ ቀይ መብራት በርቷል፤ መብራቱ የሚጠፋው ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው።

የመሠዊያውን ዕቃ የምትንከባከበው ዊኒፍሬድ ሣጥኑን ከፍታ አየች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በወተት ፋብሪካ ናሙና ስትመረምር የኖረች ሴት ናት፤ ሁለት ሳምንት የሞላው ነገር ደስ አይላትም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አሮጌው የሚበላው እሑድ አዲሱ ከተባረከ በኋላ ነው። እሑድ ጠዋት ግን ጥድፊያ ነው፤ ኅብስቱና ወይኑ ያሉበትን የብር ዕቃ ዛሬ አጥባ ብታድር ይቀላታል።

"ነገ ቄሷ መጥታ አዲስ ትባርክ የለ" አለች ለራሷ።

ጸሎት አድርሳ ሦስቱንም በላች፣ ወይኑን ጠጣች፣ ዕቃውን አጥባ ወለወለች፣ መብራቱን አጠፋች።

ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መሬት ሲነካ በረዶ ሆነ። ማለዳ ስልኩ ጮኸ። ቄስ ሜሪሊን ነበረች፤ ከተራራው ማዶ ሆና ሦስት ደብር ታገለግላለች።

"ዊኒ፣ መኪናዬ ከግቢ እንኳ አልወጣ አለች። ተራራው ተዘግቷል። የጠዋቱን ጸሎት እናንተው አድርሱ። ለቴልማ ግን ከሣጥኑ ውሰጂላት፤ አደራ፣ ነገ ትሄዳለች።"

"ሣጥኑ ባዶ ነው።"

"እንዴት ባዶ ይሆናል?"

"ትናንት አጸዳሁት።"

"በቃ፣ ምን ይደረጋል" አለች ቄሷ። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

ቴልማ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ አግዳሚ ላይ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከቤት አትወጣም፤ በየእሑዱ ቁርባኑን የምታደርስላት ዊኒፍሬድ ነች። ሰኞ ጠዋት ልጇ ወደ አሪዞና ሊወስዳት ነው። ከመሄዷ በፊት የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከገዛ ደብሯ ለመጨረሻ ጊዜ መቁረብ።

ጸሎቱ እንዳለቀ ዊኒፍሬድ ዕቃ ቤት ገባች። የቆርቆሮ ጣሳውን ያልተባረከ ኅብስት ሞልቶታል። መልኩ ያው፣ ክብደቱ ያው። የትኛውም መርማሪ አይለየውም። አንዱን ቁርባን በምታደርስበት ትንሽ መያዣ ከትታ ወጣች።

ቴልማ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አስነጥፋ፣ ሊፕስቲክ ተቀብታ ትጠብቃት ነበር።

"በዚህ በረዶ መጣሽ? እኔ እኮ ዳሌሽን ሰብረሽ አብረን አሪዞና ልንሄድ ነው ብዬ ነበር።"

"እንደ ዳክዬ እየተንገዳገድኩ ደረስኩ።"

"ድሮስ መቼ ቀጥ ብለሽ ሄደሽ ታውቂያለሽ!" ሳቀች። ከዚያ ቁርባኑን ለመቀበል አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ አድርጋ ዘረጋችላት።

ዊኒፍሬድ መያዣውን ከፈተች። ጣቷ ኅብስቱን ነካ። መልሳ ዘጋችው።

"ቴልማ፣ ይሄ አልተባረከም። ቄሷ መምጣት አልቻለችም። የነበረውን ደግሞ ትናንት በላሁት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ምነው፣ ርቦሽ ነበር?"

"ዕቃውን ላጥብ ብዬ።"

ቴልማ እጆቿን ቀስ ብላ አወረደች። "አንቺና ጽዳትሽ!" አለች። "በሠርጌ ቀን እንኳ ኬኩ ሳይቆረስ ሳህን ታጥቢ ነበር።" ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። "ባትነግሪኝ እኮ አላውቅም ነበር።"

"እኔ አውቃለሁ።"

"አንቺማ ታውቂያለሽ።"

አባታችን ሆይን አብረው ደገሙ። ቴልማ ጨርቁን አጣጥፋ ሰጠቻት፤ የደብሩ ነበር። "አጥበሽ መልሺው ልልሽ ነበር" አለች፣ "ግን ላንቺ ይሄ አይነገርም።" ዊኒፍሬድ መሳቅ አልቻለችም።

በሚቀጥለው እሑድ ቄሷ መጣች። ዊኒፍሬድ አዲስ የተባረኩ ሦስት ኅብስቶች በሣጥኑ አስቀምጣ መብራቱን አበራች። በደብሩ ከቤት የማይወጣ ሌላ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ሣጥኑን ስትከፍት ሦስቱም እዚያው ነበሩ። ሳትነካቸው፣ መብራቱንም ሳታጠፋ መልሳ ዘጋችው።