እናት፦ አለች

ሰው ስለ እኔ የሚለውን አውቃለሁ። ነገረኛ ይሉኛል። ይበሉ። ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ፋይል ሲያገላብጥ ኖሮ ነገረኛ ያልሆነ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ሥራውን ተኝቶበታል።

ያኔ የምሠራው የሕፃናት ደኅንነት መምሪያ ነበር። ወላጅ የሌላቸው ልጆች ከየመንገዱና ከየባቡር ጣቢያው ተሰብስበው ወደ እኛ ይመጣሉ። ግቢያችን ውስጥ ባለው ማቆያ ጥቂት ሳምንት ይሰነብቱና ጉዳያቸው ሲያልቅ መንግሥት ወደሚያሳድግበት ቤት ይላካሉ። አልጋው፣ ትምህርቱ፣ ልብሱ እዚያ ነው። ቤቱ የሚቀበለው ግን አባትም እናትም የሌለውን ልጅ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ውሳኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠልኝ። አንዱ የአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ «ወላጅ የላትም፤ ሐሙስ በመኪና ትላክ» ይላል። ሌላው የአራት ዓመት ሕፃን ነው፤ «እናት አለች፤ ወደተገኘችበት የባቡር ጣቢያ ሰፈር ተመልሳ ለእናቷ ትሰጥ» ይላል። ፋይል ውስጥ ከማስገባቴ በፊት የትንሿን ፎርም ገልጬ የእናቷን ስም አነበብኩ። ቅድም ያየሁት ስም መሰለኝና የትልቋን ገለጥኩ። ያው ስም፣ ያው የአባት ስም። የትንሿ «እናት» ያቺው የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ነበረች።

በእኛ አሠራር ከሰባት ዓመት በታች ያሉት ለብቻቸው፣ በሌላ ክፍል ነው የሚጠየቁት። ታላላቆቻቸው ቃል እንዳያቀብሏቸው ተብሎ ነው። ሄጄ መዝጋቢውን አፋጠጥኩት።

«እናትሽ ማናት አልኳት» አለኝ። «እማዬ አለችኝ። ስሟስ ማነው ስላት ነገረችኝ፤ ጻፍኩ። ምን ላድርግ እትዬ?»

«ዕድሜዋንስ ጠየቅካት?»

«የእናት ዕድሜ የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለም።»

እውነቱን ነው፣ የለም። ደሜ ፈላ፤ ግን በማን ላይ ልጩህ? ወደ ማቆያው ተሻገርኩ። ትልቋ ቧንቧው ጋ ቁጢጥ ብላ የትንሿን ካልሲ ታጥባለች። እናታቸው ትንሿን በወለደች በሦስተኛው ቀን እንደሞተች፣ አባታቸው ከዚያ አስቀድሞ እንደሞተ፣ ካልሲውን እየጨመቀች ነገረችኝ።

«እማዬ በይኝ ብዬ አላስተማርኳትም እትዬ» አለች። «ራሷ ነች የጀመረችው። ልጆች ሁሉ የሚሉት ነገር ሆኖ እሷ ብቻ የምትለው ሰው አትጣ ብዬ ዝም አልኩ። አጠፋሁ እንዴ?»

እኔ ቶሎ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ የዚያን ቀን ግን አለቀስኩ። ካልሲውን ተቀብዬ አሰጣሁላትና በቀጥታ ወደ ኃላፊው ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀት ግን ያመልካል።

«ውሳኔው ተፈርሟል» አለኝ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።»

«ስሕተትም ይወረሳል ማለት ነው ጌታዬ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ። ጉዳዩ እንደገና ይታይ ካልኩ ትልቋም የሐሙሱ መኪና ያመልጣታል። የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ።»

ወጣሁ። እንግዲህ ሐሙስ ትልቋ ወደ ቤቱ፣ ትንሿ ወደ ጣቢያው ደጅ፣ ወደሌለች እናት ልትሄድ ነው። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አይሆንም አልኩ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። የፈለግኩትን መጨረሻው አካባቢ አገኘሁት፦ ወላጁ በመጥሪያ ቀርቦ በኮሚቴው ፊት ካልፈረመ በቀር ልጅ ለወላጅ አይሰጥም።

ታይፑ ላይ ተቀመጥኩና መጥሪያ መታሁ። «ለወይዘሮ» ብዬ የልጅቷን ስም ከነአባቷ ጻፍኩ። አድራሻ በሚለው ላይ «ግቢያችን፣ ማቆያ፣ አልጋ ቁጥር ዘጠኝ» አልኩ። ኃላፊው ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ሳያነብ ፈረመበት፤ እኔም የሚያነብ ሰው እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው መሃል ላይ የከተትኩት። መጥሪያውን ይዞ ያደረሰው ዘበኛው ነው። የተጓዘው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

ረቡዕ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተሰየመ፤ ሰብሳቢው ኃላፊው ራሱ። ዘበኛው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ወይዘሮዋን በሙሉ ስሟ ተጣራ። ልጅቷ ገባች። ቀሚሷ ላይ የማቆያው ቁጥር ተሰፍቷል፣ ትንሿ እጇን ይዛለች። ከኮሚቴው አንዱ ሊስቅ ጀመረና የኃላፊውን ፊት አይቶ ተወው።

«ይሄ ፊርማ የኔ ነው?» አለኝ ኃላፊው መጥሪያውን አገላብጦ።

«የእርስዎ ነው። ደንቡም የእርስዎ ነው። እናትየዋ ይቻትና ልጇን ያስረክቧት።»

መጥሪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ፎርሙን ሳበ። «እሺ፣ አሁኑኑ እናስተካክላለን። ግን በቃሏ ማረጋገጥ አለባት። እናቷ አይደለሁም፣ እናት የላትም ትበልና እንመዘግባለን።»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ልጅቷ እኔን አየችኝ። «እሷን ያውጡልኝ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። ትንሿን ከወገቧ ያዝኳት፤ ግን የእህቷ ቀሚስ ላይ ተጣብቃ እሪ አለች፣ ጣቶቿን ማላቀቅ አቃተኝ። ትልቋ እንድተዋት በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ቀጥ ብላ ቆመች።

«እናቷ አይደለሁም። እናት የላትም። እህቷ ነኝ።»

«ውሸቷን ነው» አለች ትንሿ ለኃላፊው። «እማዬ ናት።»

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ ብዕሩን አነሳ። «አለች» የሚለውን ሰርዞ «ሞታለች» ብሎ ጻፈ። ሥሩ ላይ «ሁለቱም ሐሙስ በአንድ መኪና ይላኩ፤ እንዳይለያዩ» ብሎ ፈረመ። ማኅተሙን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ትንሿ የእህቷን እጅ ለቃ ግድግዳው ጋ ቆመች። አትመጣም። ትልቋ ሄዳ ፊቷ ተንበረከከች።

«ወረቀቱ ላይ ነው እኮ» አለቻት። «ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው። ነይ፣ ልብሳችንን እንሰብስብ።»